ስሙ የማን ነው? ስለ አርማኛክ፣ ስለ «ኮኛክ» እና ስለ ዳግም አረቄ

ከተማችን ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደጫቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ፣ ከብረቱና ከመሐንዲሶቹ ጋር የፈረንሳይኛ ቃላትም አብረው ወርደዋል። ሰፈሩን «ለገሃሬ» እያለ የሚጠራ የድሬ ልጅ ሁሉ ቃሉ በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት መሆኑን ላያስታውስ ይችላል። ሆኖም ጣቢያው በቦታው ቆሟልና ቃሉና ነገሩ ዛሬም አብረው ይኖራሉ። ከዚያው ከፈረንሳይኛ የተገኘው «ኮኛክ» የተባለው ቃል ዕጣ ግን የተለየ ሆነ። በሀገር ውስጥ ተዘጋጅተው ይህ ስም የተለጠፈባቸው ጠርሙሶች በየመጠጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲታዩ ኖረዋል፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ግን ስሙ ከሚናገረው ነገር ጋር ያለው ዝምድና እጅግ የራቀ ነው። የዚህ ጸሐፊ እምነት በአጭሩ ይህ ነው፦ ከፈረንሳዮች ስሙን ወስደን ዕውቀቱን ትተነዋል፤ መደረግ የነበረበት ግን ተቃራኒው ነበር።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ጽሑፍ መጠጥን ለማስተዋወቅ አልተጻፈም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው፤ ሌሎቹም በእምነታቸው ምክንያት ወደ አፋቸው አያስጠጉትም። ነገር ግን የማንጠር ጥበብ የጠጪዎች ብቻ ንብረት አይደለም። ጥበቡን ካሳደጉት መካከል የሽቶና የመድኃኒት ቀማሚ የነበሩት የመካከለኛው ዘመን የዐረብ ሊቃውንት ግንባር ቀደም ሲሆኑ፣ ማንጠሪያው በፈረንሳይኛ እስከ ዛሬ የሚጠራበት «አላምቢክ» የተባለው ስምም የተገኘው ከእነርሱ ነው። «አረቄ» የሚለው ቃላችን ምንጩ ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙም ላብ ማለት ነው፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ዕቃ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ያየ ሰው ስያሜውን ለመረዳት አይቸገርም። «አልኮል» የሚለው ዓለም አቀፍ ቃል ደግሞ እናቶቻችን ዓይናቸውን ከሚኳሉበት ከኩል ጋር የአንድ ቃል ልጅ ነው።

ወደ ነገሩ እንግባ። ብራንዲ ማለት የወይን ጠጅ ተነጥሮ የሚገኝ መጠጥ ነው። ከፈረንሳይ ብራንዲዎች ሁለቱ እጅግ የታወቁ ናቸው፤ ኮኛክና አርማኛክ። ሁለቱም የቦታ ስሞች ናቸው። ኮኛክ ከቦርዶ በስተ ሰሜን የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ አርማኛክ ደግሞ ጋስኮኝ በሚባለው የደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ምድር ያለ አውራጃ ነው። ዝናው የኮኛክ ይበልጥ እንጂ ዕድሜው የአርማኛክ ይበልጣል፤ ቪታል ዱፎር የተባለ ኋላ ካርዲናል የሆነ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1310 ገደማ የዚህን የተነጠረ ወይን 40 በጎ ጠባያት ዘርዝሮ ጽፏል። በጊዜው ነገሩ የሚታየው እንደ መጠጥ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ነበር። (ከ40ዎቹ ጠባያት አብዛኞቹን የዛሬ ሐኪም አይፈርምባቸውም።)

ስለ አርማኛክ ለመጻፍ የመረጥሁት ከእኛ ኑሮ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ኮኛክ በወንዝና በባሕር ወደ ውጭ ለሚላክ ንግድ፣ በታላላቅ ነጋዴ ቤቶች እጅ ያደገ መጠጥ ነው። አርማኛክ ግን ለረጅም ዘመን የገበሬ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ማንጠሪያ መግዣ አቅም ያልነበረው ገበሬ፣ በጋሪ ላይ የተጫነ ማንጠሪያ እየጎተተ በክረምት ከመንደር ወደ መንደር የሚዞረውን ባለሙያ ይጠብቅ ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

ወይኑ ራሱ እንግዳ ጠባይ አለው። ለማንጠር የሚፈለገው የወይን ጠጅ ለገበታ የሚቀርበው ጣፋጭ ወይን ሳይሆን፣ አሲዱ የበዛ፣ አልኮሉ ግን ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነ ደካማ ነጭ ወይን ነው። አንባቢ «ለምን ደካማ ይመረጣል?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ በሒሳብ ይገለጻል። 9 በመቶ አልኮል ካለው ወይን 40 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ብራንዲ ለማግኘት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ 4.4 ሊትር ያህል ወይን ያስፈልጋል። ስለዚህ ከፍሬው የሚመጣው መዓዛ ሁሉ አብሮ ይጠናከራል፤ ወይኑ ደካማ በሆነ ቁጥር ለአንድ ሊትር ብራንዲ የሚውለው ፍሬ ስለሚበዛ መዓዛውም ይበዛል። ጉድለቱ ግን እንዲሁ ይጠናከራል። በሌላ ወይን ላይ ተሕዋስያንን ለመከላከል የሚጨመረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እዚህ የማይፈለገው ለዚሁ ነው፤ ተነጥሮ ከወጣ ጣዕሙን ያበላሻል። የመከላከሉን ሥራ የወይኑ አሲድ ይሠራል። ይህም ቢሆን እስከ ጸደይ ድረስ ብቻ ስለሚያዛልቅ፣ የማንጠሩ ሥራ እስከ መጋቢት 22፣ በእነርሱ አቆጣጠር እስከ ማርች 31 እንዲጠናቀቅ ሕጉ ያዛል።

የአልኮል የመፍያ ነጥብ በባሕር ወለል ከፍታ 78.4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የውኃ 100 ዲግሪ መሆኑን ከ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ እናውቃለን። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ተማሪ «78 ዲግሪ ላይ አልኮሉ ብቻውን ተንኖ ያልቃል፤ ውኃው ይቀራል» ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። ድብልቁ የሚፈላው በሁለቱ መካከል ባለ ሙቀት ሲሆን፣ እንፋሎቱም የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ልዩነቱ በእንፋሎቱ ውስጥ ያለው የአልኮል ድርሻ በፈሳሹ ውስጥ ካለው መብለጡ ነው። 10 በመቶ አልኮል ያለው ወይን መፍላት ሲጀምር የመጀመሪያው እንፋሎት ግማሽ ያህሉ አልኮል ይሆናል፤ በማሰሮው ያለው አልኮል እየቀነሰ ሲሄድ ግን የሚወጣውም እየቀጠነ ይመጣል። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ በማሰሮ የተነጠረ ወይን በአማካይ 30 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ለመውጣት ሁለት መንገድ አለ።

የኮኛክ መንገድ የወጣውን መልሶ ማንጠር ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችን «ዳግም» ያሉት ይኸንኑ ነው። ከጌሾና ከብቅል ጥንስስ፣ ከበቆሎ፣ ከዳጉሳ ወይም ከሌላ እህል ቂጣ የተዘጋጀው ድፍድፍ በማሰሮ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል፤ ይህ ተራ አረቄ ነው። ተራው ተመልሶ ሲጣድ ዳግም አረቄ ይሆናል። የተደረጉ ልኬቶች እንደሚያሳዩት ተራ አረቄ በአማካይ 34 በመቶ፣ ዳግም አረቄ ደግሞ 46 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፤ ከቤት ቤት ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ አረቄ አውጪዋን አያስቸግራትም፤ ቴርሞሜትር ሳይሆን የሚንጠባጠበውን ጠብታ ጠባይ ነውና የምትከተለው።

የአርማኛክ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ እኔም እጅግ የማደንቀው ይህንን ነው። ቱዪዬር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1818 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የመዳብ ማንጠሪያ ወይኑን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳያቋርጥ ያነጥራል። ቀዝቃዛው ወይን በመጀመሪያ እንፋሎቱ የሚያልፍበትን ጠምዛዛ ቱቦ ከብቦ ያቀዘቅዘዋል፤ በዚያውም ራሱ ይሞቃል። የሞቀው ወይን ወደ ዓምዱ ገብቶ ከአንዱ ወለል ወደ ሌላው እየወረደ ሳለ፣ ከታች የሚወጣው እንፋሎት በውስጡ እየተንፏቀቀ ያልፋል። በዚህ ጉዞ እንፋሎቱ አልኮልንም መዓዛንም ከወይኑ ይቀበላል። የሚወጣው መንፈስ በልማድ ከ52 እስከ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሲሆን፣ ከኮኛክ ይልቅ ሸካራ፣ በመዓዛም የበለጸገ ነው። መዳቡም ለጌጥ አልተመረጠም፤ መጥፎ ሽታ ያላቸውን የሰልፈር ውሁዶች ይይዛል። በአንድ ዕቃ ውስጥ ማቀዝቀዣ፣ ማሞቂያና ማንጠሪያ ተጣምረዋል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ከማንጠሪያው የወጣው መንፈስ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ቡናማውን ቀለም የሚሰጠው ጊዜና እንጨት ነው። 400 ሊትር ገደማ በሚይዝ የኦክ በርሜል (መጽሐፍ ቅዱሳችን ባሉጥ የሚለው ዛፍ ነው) ለዓመታት ይቀመጣል። ከእንጨቱ ሊግኒን ቫኒሊን፣ ከሌሎች ክፍሎቹ ታኒን ወደ መንፈሱ ይገባሉ፤ በእንጨቱ ቀዳዳዎች የሚገባው ኦክስጅንም ሸካራውን ጣዕም በዝግታ ያለዝበዋል። ወደ መስታወት ገንቦ ከተገለበጠ በኋላ ግን እርጅናው ያበቃል፤ በጠርሙስ ውስጥ መቶ ዓመት ቢቀመጥ ያው ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መንፈሱ ይተናል። ፈረንሳዮች የተነነውን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በጋስኮኝ በዓመት 2 በመቶ ብንወስድ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከ400 ሊትር የሚቀረው 267 ሊትር ያህል ነው፤ ሲሶው ሄዷል። አሁን ያንኑ በርሜል በሐሳባችን ወደ ከዚራ እናምጣው። ሙቀት ከ15 ወደ 25 ዲግሪ ሲጨምር የአልኮል የእንፋሎት ግፊት ወደ እጥፍ ይጠጋል። በሞቃታማዋ ባንጋሎር ውስኪ የሚያስረጁ ሕንዶች በዓመት 10 በመቶና ከዚያ በላይ እንደሚያጡ ይታወቃል። በዚህ ስሌት ከ10 ዓመት በኋላ ከ400 ሊትር የሚቀረው 140 ሊትር አይሞላም። የድሬ አየር ደረቅ መሆኑ ሌላ ነገር ይጨምራል፤ በደረቅ አየር ከአልኮሉ ይልቅ ውኃው ስለሚቸኩል፣ በርሜሉ ውስጥ የሚቀረው መጠጥ እየጠነከረ ይሄዳል። በእርጥብ ጎተራ ግን እየለዘበ ነው የሚሄደው። እንጨቱም በሙቀት ቶሎ ይለቅቃል፤ የኦክስጅኑ ዝግተኛ ሥራ ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም። በመሆኑም ወይኑም፣ በርሜሉም፣ ባለሙያውም ከፈረንሳይ ቢመጡ እንኳ ድሬዳዋ ላይ የሚገኘው አርማኛክ አይሆንም። የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ የከፋም ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ነገር መሆኑ ግን አይቀርም። የቦታ ስም ለመጠጥ ሲሰጥ ከኩራት ያለፈ ትርጉም አለው የምለው ለዚህ ነው፤ ስለ አፈር፣ ስለ ሙቀትና ስለ እርጥበት የተሰጠ ምስክርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ፕሬዚዳንት ፋሊዬር የአርማኛክን ድንበር በድንጋጌ የከለሉት፣ በ1936ም ስሙ ከነአሠራሩ በሕግ የተጠበቀው ይህንኑ ምስክርነት ለማጽናት ነው።

በሀገራችን «ኮኛክ» ተብሎ የሚሸጠው መጠጥ በአብዛኛው ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ የተነጠረ ንጹሕ አልኮል፣ ውኃ፣ ማጣፈጫና ማቅለሚያ የተጨመረበት ነው። ይህን ስል ምርቱን ለማራከስ አይደለም። በዘመናዊ ዓምድ የተነጠረ አልኮል ከብዙ የጓዳ አረቄ ይልቅ የጠራ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ስሙ ላይ ነው። ወይን የለበትም፣ በርሜል አላየም፣ ከኮኛክ ምድርም አልመጣም።

«ገዢው ፈረንሳይ ሠራሽ አለመሆኑን ያውቃል፤ ቃሉ የቡናማ አረቄ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ምን ያከራክራል?» የሚሉ ይኖራሉ። ክርክሩ ጥንካሬ አለው፤ ቃላት በተናጋሪው እጅ እንደሚለወጡ የታወቀ ነው። ሆኖም ይህን ክርክር ከማንም በፊት እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ልንጠራጠረው ይገባል፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ በእኛው ላይ ተነሥቶብናል። የሐረር ቡና ከሐረርጌ ደጋዎች በጀንፈል ደርቆ፣ ለረጅም ዘመን በዚህችው ከተማ መጋዘኖች በእናቶችና በእኅቶች እጅ ተለቅሞ፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ኖሯል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት አጠቃላይ መጠሪያዎች ናቸው ሲል ተቃወመ። ማለትም «ሐረር» የማንም ነው ተባለ። ነገሩ በብዙ ክርክር አልፎ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ረገበ፤ ስሞቹም በኋላ ተመዝግበዋል። ያን ጊዜ የኛ መከራከሪያ ምን ነበር? ስሙ የቦታው፣ ጣዕሙም የአፈሩና የገበሬው ነው የሚል ነበር። ይህ ለሐረር እውነት ከሆነ ለኮኛክ ሐሰት የሚሆንበት መንገድ አይታየኝም። በሌላው ስም እየነገድን ለራሳችን ስም ክብር መጠየቅ አያስኬድም። በጠርሙሱ ላይ «ከሞላሰስ አልኮል የተዘጋጀ፣ ጣዕምና ቀለም የተጨመረበት መጠጥ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ማንንም አይጎዳም።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የራሳችን አረቄ ነው። ጋስኮኞች በጋሪ የሚዞረውን ማንጠሪያቸውን አላፈሩበትም፤ ኬሚስቶቻቸው ገብተው ወይኑን፣ መዳቡንና እንጨቱን አጠኑ፤ ሕጋቸውም ምን አርማኛክ እንደሚባልና ምን እንደማይባል ወሰነ። የእኛ ዳግም አረቄ ግን «የጓዳ ሥራ» ተብሎ ከላቦራቶሪው ደጅ ውጭ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ጥናቶች የሉም አልልም፤ አሉ። ነገር ግን ስንት በመቶ አልኮል ሲኖረው ዳግም እንደሚባል፣ መዳብና ናስ ማሰሮ በየትኛው ሁኔታ ደኅና እንደሚሆን፣ በገበያ ላይ ያለው ሁሉ የሚለካበት መስፈርት በአውጪዋ እጅ አልደረሰም። አርማኛክ የሄደበትን የቦታ ክለላ መንገድ መከተል ለእኛ ከባድ መሆኑንም አልዘነጋሁም። በየቤቱ የተበተነን ሥራ መቆጣጠር ውድ ነው፤ ለቡናችንም የንግድ ምልክት የተመረጠው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነበር። መለካት ግን ድንበር መከለልን አይጠብቅም።

ለምሳሌ ያህል ስለ ሜታኖል የሚወራውን እንመልከት። ዓይን የሚያጠፋው፣ በጉበት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ የሚለወጠው ይህ መርዝ በዋናነት የሚገኘው በፍራፍሬ ውስጥ ካለው ፔክቲን ነው። ስለዚህ ከእህል አረቄ ይልቅ የወይን ብራንዲ ሜታኖል የበዛበት ነው፤ መጠኑ ግን ከአደገኛው በእጅጉ ያንሳል። «የመጀመሪያውን ጠብታ ከደፉት ሜታኖሉ ይወጣል» የሚለውም በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ በዚያ ክፍል የሚበዙት አሴታልዴሃይድና መሰሎቹ ሲሆኑ፣ ሜታኖል ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተበትኖ ይወጣል። በዓለም ዙሪያ ሰው በጅምላ የሚሞተው በአብዛኛው የኢንዱስትሪ ሜታኖል በስስት ሲጨመር ነው። ይህን የምታውቅ አረቄ አውጪ ራሷን ከማን መጠበቅ እንዳለባት ታውቃለች።

ሌላው ማገዶ ነው። አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ላለው ደን መመናመን አረቄ የሚፈጀው ማገዶ አንዱ ምክንያት መሆኑም ተደጋግሞ ተጽፏል። ቀደም ሲል እመለስበታለሁ ያልሁት የአርማኛክ ማንጠሪያ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በእኛ አሠራር እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽ ሲለወጥ የሚለቅቀው ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ገብቶ ውኃው ይደፋል። ጋስኮኙ ግን በዚያው ሙቀት ቀጣዩን ወይን ያሞቅበታል። በውኃው ፋንታ ቀጣዩ ድፍድፍ ተቀምጦ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ለማትነኛው የሚያስፈልገው እንዳለ ሆኖ፣ ድፍድፉን እስከ 90 ዲግሪ ለማድረስ ከሚጠፋው ሙቀት ከግማሽ በላይ ይተርፋል። በእርግጥ ድፍድፉ ሲሞቅ ማቀዝቀዙን ስለሚያቆም በጊዜ መቀየር አለበት፤ አልኮሉ እንዳያመልጥም ዕቃው በደንብ መከደን ይኖርበታል። በዚህ ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚድን ለማወቅ ለአንድ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ወይም የፊዚክስ ተማሪ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ የማገዶ ሚዛንና የአንዲት አረቄ አውጪ እናት ፈቃድ ይበቃዋል።